አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ

"ድምፄን መልሺልኝ!"

አዴ ወርቅቱ የተጠቀለለ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። የሃዋኒ የሻይ ብርጭቆ ተንከባለለ፤ ሻዩ የኪቦርዱን ጠርዝ ታክኮ ወደ ወለሉ ወረደ። ጥበቃው ከኋላቸው ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። "መታወቂያ ብላቸው 'ፊቴን እየው' አሉኝ፤ ምን ላድርግ?" እያለ ያጉረመርማል።

ሃዋኒ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። ሴትዮዋን አይታቸው አታውቅም፤ ድምፃቸውን ግን ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቃቸውን በእግር ፔዳል ወደኋላ እየመለሰች፣ አንድ በአንድ ከኦሮምኛው ንግግር ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፉም ወደ አማርኛ ገልብጣዋለች። ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ እንኳ ለይታ ታውቃለች።

"አዴ ወርቅቱ?" አለች ብድግ ብላ። "ከጉደር?"

"እንግዲያ አንቺ ነሽ።"

"ምኑ?"

"ኦቦ ዘገየን ደም ያሸከምሽው።"

በኦሮምኛ ነበር የሚነጋገሩት። አዴ ወርቅቱ ከነጠላቸው ሥር ስልክ አውጥተው አቀበሏት። "የልጅ ልጄ ስልክ ነው። እኔ ማንበብ አልችልም፤ መስማት ግን እችላለሁ። ክፈቺው።"

ሃዋኒ ከፈተችው። የራሳቸው የፕሮጀክቱ የቴሌግራም ቻናል ነው። ፕሮጀክቱ የምዕራብ ሸዋን አዛውንቶች ትዝታ ቀርጾ፣ በጽሑፍ ገልብጦ ያሠራጫል፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም አሳጥሮ፣ ቃለ መጠይቁን በድረ ገጹ፣ ቅንጭብጫቡን በቻናሉ። ይህኛው ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው። ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው አዳምጦታል።

የጠያቂው ወጣት ድምፅ መጣ፦ "ባለቤትዎን ኦቦ ጂራን በሰባ ዓመተ ምሕረት ለደርግ ሰዎች አሳልፎ የሰጠው ማን ነው?"

ወዲያው፣ ያለ አንዳች ፋታ፣ ጥርት ያለ የአዴ ወርቅቱ ድምፅ፦ "ኦቦ ዘገየ!"

ከዚያ የክራር ዜማ። ቀጥሎ የፕሮጀክቱ ዓርማ።

"እኔ ይህን አላልኩም" አሉ አዴ ወርቅቱ።

"የራስዎ ድምፅ ነውኮ፣ እማማ" አለ ጥበቃው።

ዘወር አሉበት። "አንተ ደግሞ መታወቂያህን አሳየኝ።"

ጥበቃው ወደ ደረጃው ተመለሰ። ሃዋኒ ከቅንጭቡ ሥር የተጻፈውን አስተያየት ወደታች እየገፋች አነበበች። *ይህ ሰውዬ አሁንም በሕይወት አለ?* *አለ፣ ጉደር ዋናው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው።* *በምን ዓይኑ ነው ሰው የሚያየው?* *የነማን ዘር እንደሆነ ጠይቁ እስቲ።* አንዱ የሱቁን በረንዳ ፎቶ አንሥቶ ለጥፎታል። በፎቶው ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለ፤ መኪናው ላይ ያጎነበሰ ራሰ በራ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው ፎቶ እየተነሡ እንደነበር አያውቁም።

"ከቅዳሜ ጀምሮ" አሉ አዴ ወርቅቱ፣ ሳይቀመጡ፣ "ጨርቁን ያልወሰደበት የለም። ለበዓል ብለው የሰጡትን፣ ለክቶ ቆርጦ የጀመረውን ሳይቀር እየመጡ ወሰዱ። አንዷ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ይዛ ሄደች። እጅጌውን መኪናው ላይ ትታው! ትናንት እኔ ራሴ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ፤ ሰው ይይ ብዬ። ምን አለኝ መሰለሽ? 'አዴ ወርቅቱ፣ አይግቡ፤ አስፈራርቷት ነው ይላሉ' አለኝ። አርባ ስድስት ዓመት በአጥር ስንቀባበል የኖርን ሰዎች! በሩ ላይ አቆመኝ።"

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሃዋኒ ቢንቀጠቀጥ ትመርጥ ነበር።

የድምፅ ቴክኒሻኑ ቃለአብ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው የሚቀመጠው። ሃዋኒ ጠራችውና ያልተነካውን ቅጂ እንዲከፍት ነገረችው። የድምፁ ሞገድ በስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃው ላይ ሳስቶ ቀጭን መስመር ሆነ። ጥያቄው ካበቃበት ጀምሮ ምንም የለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ አንድ ጊዜ የዶሮ ድምፅ፣ ሌላ የለም። ሃዋኒ ያን ጊዜ በቅንፍ *ዝምታ፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ* ብላ መጻፏን አስታወሰች። ከዚያ የበር ሲጢጥታ፦

"ኦቦ ዘገየ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናቡ አበሰበሳችሁ! እንዴት አደራችሁ? ሰላም ናችሁ? አየለች ደኅና ናት? ልጆቹስ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ከብቶቹስ?"

"ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ልጆቹስ? እህሉስ እንዴት ይዞታል?"

ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲህ ቀጠለ። በኦሮምኛ ጀምረው፣ መሐል ላይ አማርኛ ደባልቀው፣ እንደገና በኦሮምኛ ጨረሱት። ጎረቤት በር ከገባ የተያዘ ወሬ ይቆማል፤ ሰላምታው እስኪያልቅ ሞትም ቢሆን ይጠብቃል። ሰውየው የመጡት የተሰፋ ቀሚስ ሊያደርሱ ነበር፤ ሰጡና ሄዱ።

"ተመልከች" አለ ቃለአብ፣ የተቆረጠውን ቅጂ ከሥሩ ደርድሮ። "ፕሮግራሙ ዝምታውን ቆረጠ። ሰላምታውን ደግሞ ቆረጠ። ጥያቄና ስም ብቻ ቀሩ። ስሙን ሰላምታ አይደለም ብሎ ሳይቆርጥ ተወው።"

"ማን ነው እንዲቆርጥ ያዘዘው?"

"መመሪያው ነዋ። አንቀጽ ስድስት፦ ረጅም ዝምታ፣ ሰላምታና ጣልቃ የገባ ንግግር ይወገድ። ፋይል በጫንን ቁጥር ይጠይቀናል፤ 'አዎ' እንላለን።"

አንቀጽ ስድስት እንዴት እንደገባ ሃዋኒ ታውቃለች። በሥልጠናው ላይ እጇን አውጥታ፣ "ከአንድ ሰዓት ቅጂ አሥራ አምስት ደቂቃው 'ከብቶቹስ እንዴት ናቸው' ነው፤ ሰላምታ ጨረሰን!" ብላ አዳራሹን ያሳቀችው እርሷ ነበረች።

"ያጸደቀውስ?" አለች፣ መልሱን እየፈራችው።

ቃለአብ ስክሪኑን ወደ እርሷ አዞረ። *ያጸደቀ፦ ሃዋኒ። ዓርብ፣ 5፡52።* ያን ቀን ከምሳ በፊት አሥራ አራት ፋይል አጽድቃለች። አንዱንም አላዳመጠችም።

ንዴቱ እስከዚህ ድረስ መንገድ ነበረው፤ ወደ ማሽኑ፣ ወደ መመሪያው፣ ወደ ቃለአብ ሲሄድ ነበር። አሁን ተመልሶ ወደ ራሷ መጣ።

"ምን ይላል?" አሉ አዴ ወርቅቱ።

"ስሜን ይላል" አለች።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ዶክተር ፈይሳ ሁለቱንም ቆሞ ተቀበላቸው። ለአዴ ወርቅቱ ወንበር ሳበ፣ ውኃ አስመጣ፣ በትሕትና በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ አጭር ሰላምታ ነበር። ሁሉንም ከሰማ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"ያሳዝናል። የቴክኒክ ስሕተት ነው። ዛሬውኑ አጥፊው።"

"ማጥፋት አይበቃም" አለች ሃዋኒ። "ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ሲጠፋ 'አስጠፉት' ነው የሚባለው። 'ሰውየው ከላይ ሰው አላቸው' ነው የሚባለው።"

"ምን ታስቢያለሽ ታዲያ?"

"ሙሉው ይውጣ። ተሳስተናል ብለን በስማችን እንጻፍ።"

"ሐሙስ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፣ ሃዋኒ። 'አዛውንቶችን ያልተናገሩትን አናግረናል' ብዬ በፕሮጀክቱ ስም ልጻፍ? አርባ ሰው እንጀራ የሚበላበት ነው።" ወደ አዴ ወርቅቱ ዞረ። ድምፁ ለሰለሰ። "እናቴ፣ አንድ መንገድ አለ። ትክክለኛውን ሰው ይንገሩን። እንቀርጻለን፣ እናወጣለን። ኦቦ ዘገየም ነጻ ይወጣሉ፣ ታሪኩም ይሟላል። ማስተካከያ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።"

አዴ ወርቅቱ የውኃውን ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረጉት። አልጠጡለትም።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"እኔ? የ… ከሸነን ነኝ፣ እናቴ።"

"ባሌን ሲወስዱት ቡድኑን እየመራ የመጣውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ሞቷል። ልጆቹ አሉ፤ የልጅ ልጆቹ አሉ። በደጄ ያልፋሉ፣ እንዴት አደርሽ ይሉኛል። ምን እንደሠራ አያውቁም። እኔ ነኝ እንዳያውቁ ያደረግኩት። አርባ ስድስት ዓመት! ይህን አፍ መዝጋት ቀላል ይመስልሃል? አንዱ ልጄ ደሙን የምጠይቅለት አባት አለኝ ብሎ ገጀራ ይዞ እንዳይወጣ፣ ለወለድኳቸው ልጆች እንኳ አልነገርኩም። አንተ ለሐሙስ እንግዳህ ብለህ ንገሪኝ ትለኛለህ?"

"ለሐሙስ አይደለም፣ እናቴ። ፈቃድዎን ሰጥተዋል፤ አሻራዎ እዚህ አለ…"

"አሻራዬን ያኖርኩት ለተናገርኩት ነው! ላልተናገርኩት የት አኖርኩ?"

ዶክተር ፈይሳ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሰዓቱን አየ። "አዲስ አበባ ስብሰባ አለኝ፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው። ሃዋኒ፣ ስመለስ ጠፍቶ እንዳገኘው። ሙሉውን ግን አታወጪም። ተግባብተናል?"

ሃዋኒ አልመለሰችም። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ ይህ ቢሮ ዝምታን እንዲህ ነበር የሚገለብጠው።

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። ሃዋኒ ሙሉውን ቅጂ በስልኳ ይዛለች። ከአምቦ ወደ ጉደር እየሄዱ ነው። መንገዱ ወደ ወንዙ ሲያዘቀዝቅ፣ አዴ ወርቅቱ "ስትጽፊው ሰምተሽው ነበር አይደል? ዝም ስል?" አሉ።

"ሰምቼው ነበር።"

"ረጅም ነው?"

"ረጅም ነው።"

"እኔ አጭር ነበር የመሰለኝ።"

የኦቦ ዘገየ ሱቅ ከፀጉር ቤትና ከሲሚንቶ መሸጫ መሐል ናት። መደርደሪያዋ ባዶ ነው። ከማንጠልጠያው ላይ ቀሚስ የሌላቸው አንድ ሁለት እጅጌዎች ተንጠልጥለዋል። ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን ዘይት እየቀቡ ነበር፤ የሚሰፉት የላቸውም። አዴ ወርቅቱን ሲያዩ ብድግ አሉ፣ እጃቸውን ግን በሩ ላይ ዘረጉ።

"አይግቡ ብዬ ነግሬዎታለሁ!"

"አልገባሁም። በረንዳ ላይ ነኝ። በረንዳው የመንግሥት ነው።"

ከፀጉር ቤቱ ጢሙን ግማሽ የተላጨ ሰው ብቅ አለ። ሲሚንቶ ጫኞቹ ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ አቁሞ የሚጠብቅ ወጣት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሃዋኒ ያን ሲያደርግ አየችው። *ቅረጽ* አለች በልቧ፤ *ግን እስከ መጨረሻው ቅረጽ።*

"ስሜ ሃዋኒ ነው" አለች ጮክ ብላ። "በቴሌግራም የሰማችሁትን ቃለ መጠይቅ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የሰማችሁት የተቆረጠ ነው። ያልተቆረጠውን ስሙ።"

የስልኩን ድምፅ እስከ ጫፍ ከፍ አደረገችው። ጥያቄው ተሰማ። ሰዉ ጆሮውን አቀና።

ከዚያ ዝናብ።

ሠላሳ ሰከንድ። "ተበላሸ እንዴ?" አለ አንዱ ጫኝ። አንድ ደቂቃ። "አሳልፊውና ወደ ነገሩ!" አለ ባጃጅ ነጂው።

"ነገሩ እሱ ነው" አለች ሃዋኒ። "ቁም።"

ሁለት ደቂቃ። ከባድ መኪና አለፈ፤ አቧራው ሲረጋ ዝናቡ አሁንም በስልኩ ውስጥ እየዘነበ ነበር። ግማሽ ጢሙ አረፋ ያለበት ሰውዬ አረፋው ሲደርቅ አልጠረገውም። አዴ ወርቅቱ ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ሦስት ደቂቃ። ሃዋኒ ዓይኗ ከፊት ወደ ፊት ሲዞር፣ ማን ዓይኑን እንደሰበረ፣ ማን እንዳላበው እያየች የዚያን የሞተ ሰው ዘር ስትፈልግ ራሷን ያዘች። አፈረች። ዓይኗን ወደ ስልኩ መለሰች። ዶሮዋ ጮኸች።

አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ። በሩ ሲጢጥ አለ።

*"ኦቦ ዘገየ! ይግቡ፣ ይግቡ…"*

ሽማግሌው የራሳቸውን ስም ከስልኩ ሲሰሙ ለሰላምታ የሚነሣ ሰው ይመስል ቀና አሉ። አየለች ደኅና ናት? ልጆቹስ? ከብቶቹስ? ሰላምታው እስኪያልቅ ማንም አልተነቃነቀም። በሩ ተዘጋ። ቀጥሎ የአዴ ወርቅቱ ድምፅ መጣ፣ ዝግ ብሎ፦

*"ልጄ፣ የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። ዝም ያልኩት ስለማላውቅ አይደለም። ጻፍ ካልክ፣ ዝም አለች ብለህ ጻፍ።"*

ሃዋኒ አቆመችው። ይህንንም አንቀጽ ስድስት አስወጥቶት ነበር።

"ታዲያ ማነው?" አለ ባጃጅ ነጂው።

አዴ ወርቅቱ መንገዱን ተሻገሩ። በእርጅናቸው እንዲህ ይፈጥናሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጃንጥላቸውን የስልኩ ዓይን ፊት ዘረጉት። "ለአንተ ነው የምነግርህ? ቅዳሜ እናትህን ልከህ ሱሪህን ያስወሰድክ አንተ አይደለህም? የሱሪህ እግር የተለካው በዚህ ሰውዬ እጅ ነው፤ ጉልበትህ አላፈረም?"

ጫኞቹ ሳቁ። ነጂው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። ይቅርታ ያለ አንድም የለም። ግማሽ ጢሙ ብቻ ወደ ፀጉር ቤቱ ሲመለስ ቆም ብሎ "እንዴት ዋላችሁ፣ ኦቦ ዘገየ" አለ። ሽማግሌው አልመለሱለትም።

ሃዋኒ ወደ በረንዳው ወጣች። ምስጋና አልጠበቀችም፤ ጠብቃ ከሆነም ወዲያው ተነጠቀች።

"አንቺ ልጅ" አሉ ኦቦ ዘገየ። እጃቸው ዘይት በዘይት ነው። "ሳትጠይቂኝ ገዳይ አደረግሽኝ። አሁን ደግሞ ሳትጠይቂኝ፣ በደጄ ሰው ሰብስበሽ ንጹሕ አደረግሽኝ። እኔ ምንሽ ነኝ? ዕቃ ነኝ?"

እውነት ነበር።

"ይቀመጡ" አሉ ከመንገዱ ማዶ የተመለሱት አዴ ወርቅቱ ለሽማግሌው፣ በቁጣ። "ተቀመጡ፤ ቁጣዎ ይገባዎታል፤ ተቀምጠው ይቆጡ።" ትናንት የተመለሰባቸውን ጨርቅ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው፣ ከበረንዳው ሆነው ባዶው መደርደሪያ ላይ አኖሩ። "ይኸው። ለክቼ አላመጣሁም፤ መለኪያዬን ያውቁታል።"

ኦቦ ዘገየ ጨርቁን አዩት። አልነኩትም። ግን አልመለሱትም።

የሃዋኒ ስልክ ነዘረ። ዶክተር ፈይሳ ነው፦ *አጠፋሽው?*

በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የቻናሉ ቁልፍ በእጇ ነው፤ ማጥፋት የአንድ ጣት ሥራ ነው። አላጠፋችውም። አዲስ ጽሑፍ ከፈተችና፣ ቅንጭቡ ከወጣበት በላይ እንዲሰካ አድርጋ፣ *ተሳስተናል። ሳላዳምጥ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ* ብላ ጻፈች፤ ሥሩ ላይ ስሟን ከነአባቷ አኖረች። ከዚያ ቀና አለች።

"ኦቦ ዘገየ፣ ድምፅዎ አለበት። አሁን እጠይቅዎታለሁ። ላውጣው?"

ሽማግሌው ዝም አሉ። ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሃዋኒ አላቻኮለቻቸውም። መልስ ነው ብላም አልወሰደችውም። ጠበቀች።

"ከብቶቹን የጠየቁኝም አለበት?" አሉ በመጨረሻ።

"አለበት።"

"እንግዲያ አውጪው። ከነከብቶቹ።"

ፋይሉን መረጠች። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ጥያቄውን ይዞ ብቅ አለ፦ *ረጅም ዝምታ ተገኝቷል። ይወገድ?* ሁለት ቁልፎች ነበሩ። "አዎ" የሚለው በአረንጓዴ ተለይቶ፣ ለጣት ቀረብ ብሎ ተቀምጧል፤ ዓመት ሙሉ የተጫነችው እሱን ነው።

ሃዋኒ ጣቷን አሻግራ "አይ" የሚለውን ተጫነች።